መካኒኩ ያዘዘልን መንገድ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃውን በምርኩዝ ትወጣለህ ወይስ አሁንም "አልይዝም" እያልክ ከእማዬ ጋር ትጣላለህ? የእማዬ ዓይንስ ተሻላት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ደህና ነን። ታማ የነበረችው መኪናችን ብቻ ናት፤ እሷም ድናለች።

ይኸኔ "አላልኩሽም?" ስትል ይሰማኛል። ዕድሜህን ሙሉ የጭነት መኪና የነዳህ ሰው፣ ቱርቦ ያላት የናፍጣ መኪና ልገዛ ነው ስልህ፣ "የዛሬ ሞተር ጉልበቱ የጎረምሳ፣ ሆዱ የሕፃን ነው" ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ቱርቦውን እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። እንደመከርከኝ ሞተሩን ከማጥፋቴ በፊት ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ በር ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ የምትለው ባሏን ፈርታ ነው ብለው አሙኝ።

ለካ በሽታው ከቱርቦው አልነበረም። ባለፈው ወር አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ መኪናዋም ዳገት ላይ ታቃስት ጀመር። ከጭስ ማውጫው ጋር ያለው፣ ጥቀርሻ የሚይዘው ፊልትሮ እየተደፈነ ነው አሉኝ ጋራዥ ስወስዳት። የአዲሱ ዋጋ ግማሽ መኪና ይገዛል! የሰፋሁትን መጋረጃ በየደንበኛው ቤት የማደርሰው በሷ ነው፤ እሷ ከሄደች ሥራዬም አብሯት መሄዱ ነው። ቢሆንም እያለቀስኩ ልሸጣት ቆርጬ ነበር።

የሰፈራችንን መካኒክ "ጆሮው" ነው የምንለው፤ ኮፈን ሳይከፍት ሞተር ያዳምጣል። የት የት እንደምነዳት ጠየቀኝ። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ደንበኛ ቤት አልኩት። ሳቀብኝ። "እኅቴ፣ ይቺ መኪና ታፍና ነው እንጂ አልተበላሸችም። ሞተሩ በደንብ ሳይግል እያጠፋሽው ጥቀርሻው በምን ይቃጠል? መጀመሪያ አውጥተሽ ረጅም መንገድ ንጃት፤ እምቢ ካለች ያኔ እንቀይረዋለን" አለኝ።

እሑድ ከከተማ ወጣን። እኔ መሪውን ጨብጬ፣ ባለቤቴ ዓይኑን መብራቷ ላይ ተክሎ፣ ልጃችን ከኋላ እየዘፈነች። ዋናው መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን መብራቷ ድርግም አለች። እልል ስል ባለቤቴ የሆነ ነገር የገጨሁ መስሎት ጮኸ! አባዬ፣ መንገድ ዳር አቁሜ መኪናዋን ሳምኳት፤ ከንፈሬ አቧራ ሆነ።

ጆሮው ግን በየወሩ እንዲህ ካልተነዳች በሽታው ይመለሳል ብሎናል። ባለቤቴን ታውቀው የለ፣ ወደ እናንተ እንሂድ ባልኩት ቁጥር "ሩቅ ነው" የሚለውን? እሱው ራሱ፣ "ረጅም መንገድ ከተፈለገማ ከወላጆችሽ ቤት የሚብስ የት ይገኛል?" አይል መሰለህ! በመራቃችሁ ደስ ሲለኝ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንነሣለን፤ ከዚያ ወዲያማ እስክትሰለቹን ድረስ በየወሩ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ሰላም በልልኝ፤ ግቢ ውስጥ የከመራቸውን አሮጌ ጎማዎች አንሥቶ ለመኪናዋ ቦታ ያብጅላት። አክስቴን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ለእማዬ ግን ሰላምታ አልልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ልጅህ

ከሱቄ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2016