የመረጋጋት ማስረጃ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመክሊቴ፣
ደብረ ኤልያስ

እንደምን ሰነበትሽ? ሔዋንዬን ሳሉ ለቀቃት ወይ? አባባና እማማስ ደህና ናቸው? ስልኬን ስለማታነሺልኝ ይህችን ደብዳቤ ለሾፌሩ ለእንዳላማው ሰጥቼዋለሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና እጄ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሰረዝኩት።

መክሊት፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። በጩኸቴ ተማርረሽ ልጃችንን ይዘሽ ወላጆችሽ ቤት ከገባሽ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ሽማግሌ ብልክ «መጀመሪያ ራሱን ያረጋጋ» ብለሽ መለስሻቸው። ሰው እንዴት ነው የሚረጋጋው? ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለክቶ «ጭንቀት ነው፤ ዮጋ ሞክር» ሲለኝ የሚያሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ።

ሄድኩልሽ። የምታሠራን ሀይማኖት የምትባል የስፖርት መምህርት ናት፤ ከሐዋሳ የመጣች፣ ገና ልጅ። ሰባት ሴቶችና እኔ! ጫማህን አውልቅ፣ ተንበርከክ፣ ግንባርህን መሬት አስነካ። «ይሄማ ስግደት ነው!» አልኩና ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ። አባ ገብረ ኪዳን ሳቁብኝ። «ለማን ነው የምትሰግደው?» አሉኝ። «ለወገቤ» አልኳቸው። «እንግዲያው ወገብህን አፍታታ፤ ጸሎትህን ግን ለይተህ አድርስ» አሉኝ።

የሚገርመው ይሠራል። አየር በአፍንጫሽ አራት ቆጥረሽ ታስገቢያለሽ፣ ስድስት ቆጥረሽ ታስወጪያለሽ። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ መኖሩን ያወቅሁት ሲወርድ ነው። ትንፋሽ ሲረዝም ልብም ቀስ ይላል፣ ሰውነትም አደጋ እንደሌለ ያምናል ትላለች ሀይማኖት። እንቅልፌ ተመለሰ፤ ግፊቴ ወረደ። ቢሮ ፋይል ጠፋ ሲሉኝ እንኳ ቆጥሬ ነው የምመልስላቸው። በቃ ዳንኩ አልኩ።

ጉዱ የመጣው ትናንት ነው። ሽማግሌዎቹ እሁድ ወደናንተ ሊመለሱ ነው። ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱ ብዬ ሀይማኖትን አንድ ወረቀት ለመንኳት፤ «ለሚመለከተው ሁሉ፦ አቶ አምደሚካኤል ሁለት ወር ዮጋ ሠርተው የተረጋጉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ሳቀች። «ጋሼ፣ ለመረጋጋት እኮ ማኅተም የለንም» አለችኝ። እኔም... ምን ልበልሽ፣ ጮህኩባት። «አንቺ ማነሽና ነው የምትከለክይኝ!» ብዬ ምንጣፉን ወረወርኩት። ሀይማኖት ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ሔዋንም እንደዚያ ታደርግ ነበር። አንቺ ስታሳዪኝ «እየተጫወተች ነው» እልሽ ነበር። አፈርኩ፣ መክሊት። እዚያው ቆሜ ልቆጥር ብል አራት መድረስ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ተቀበለችኝ፤ ግን የምታናግረኝ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ነው። አካሌ እየዳነ አፌ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? የሁለት ወር ትንፋሽ ዕድሜዬን ሙሉ የለመድኩትን ጩኸት ይችለዋል ወይ? እንጃ። ሀይማኖት «መመለስ ነው እንጂ ማቆም የለም» ስላለችኝ ነገም እሄዳለሁ። ወረቀቱን ከእንግዲህ አልጠይቃትም።

እግዚአብሔር በጤና ያቆያችሁ። ሔዋንን ሳሚልኝ። በጣም ናፍቃችሁኛል፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እማማ «ታረቂ» ብለው መጨቅጨቃቸው አይቀርም፣ ያንቺም አንጀት አይጨክንም፤ አውቅሻለሁ።

እሺ አትበያቸው። እኔ ገና ነኝ።

ያንቺው
አምደሚካኤል