«ነይ»

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ማርቆስ እኔንና አብራኝ የምትኖረውን ሩትን ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል ወደሚያሳየው አለት ወሰደን። ከባጃጅ ከወረድን በኋላ መንገዱ አጭር ነው፤ በቁጥቋጦ መሃል ትንሽ ዳገት ብቻ። አለቱ ላይ ሲወጡ አባያ በግራ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ በቀኝ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ያምራል ይላሉ። እኔ ዛሬ ምኑንም አላየሁት።

ማርቆስ የገረሴ ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። «አንተ»ና «አንቺ» ይምታታበታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ሴቷን «ና የኔ ቆንጆ» ሲለኝ ኖሯል። ምሳ ሰዓት ላይ ደውሎ «በላህ?» ይለኛል። አንድም ቀን አላረምኩትም። ሰው ሲስቅበት እናደዳለሁ እንጂ ለእኔ ያቺ «ና» ከስሜ በላይ ነበረች።

ሩት ፎቶ ልነሳ ብላ አለቱ ጫፍ ላይ ቆመች። ማርቆስ ደንግጦ እጁን ዘረጋላት።

«ቀስ በይ! ወደኔ ነይ፣ ትወድቂያለሽ!»

ጥርት አድርጎ ነው ያለው። አንዲት ፊደል አልሳተም። ሩት እጁን ይዛ እየሳቀች፣ «ጎበዝ ተማሪዬ! በመጨረሻ ገባህ!» አለችው።

ተማሪዬ? ትምህርት ቤቱ የት ነው? ሳሎናችን? እኔ የማታ ተረኛ ስሆን ነው የምትማሩት? ደግሞ ለእኔ ብሎ፣ ሊያስደስተኝ ብሎ ይሆናል የተማረው። ይሆናል። ግን ማን ለምኖት?

ስንመለስ እኔ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ማርቆስ ቆም ብሎ ፈገግ አለና፣ «ነይ እንጂ» አለ።

ሩትን የጠራ መስሎኝ ወደ እሷ ዞርኩ።