አዞ የሌለበት ሐይቅ

ዘሪቱዬ፣

አፍዴራ ሐይቅ ዳር ነኝ፤ ከባሕር ወለል በታች፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል። እንደ ጫሞ ሐይቅ ዳር ልጅ መጀመሪያ ውሃው ላይ አዞ ፈለግኩ። ሁመድ የሚባል ጨው አምራች ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «እዚህ የሚነክስሽ ጨው ብቻ ነው» አለ።

ሁለት ሐይቅ አጠገብ አድገን ከቁርጭምጭሚት በላይ ገብተን እናውቃለን? ዛሬ ከነቀሚሴ ገባሁ። ዓይኔ ተቃጠለ፤ ያመጣኝ ሾፌርም እንሂድ እያለ ክላክሱን ያስጮሃል። ሳልንሳፈፍ አልወጣም አልኩ። በመጨረሻ ተንጋለልኩ፣ ውሃውም ተሸከመኝ።

አንቺንም አንድ ቀን እዚህ አመጣሻለሁ፤ እምቢ ማለት የለም። ሲቀላ ሰፈር ላሉት ሁሉ ሰላም በይልኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ይሄን ግን እኔው እነግራታለሁ። አንቺ «ሐይቅ ገባች» ካልሻት ጫሞ ይመስላታል።

ወሰንየለሽ