የውብዳር ታከለ ብዬ ጠራኋት

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው ያ ሰው መውረጃው ሳይደርስ ከማይክሮባሱ የወረደ ጊዜ ነው። ፋይሰል በሚባለው አውራ ጎዳና ስናልፍ፣ ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ማርገዜን ነገርኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ ሾፌሩን አቁም አለውና ወረደ። እኔ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ያኔ ካረፍክ ገና ዓመት አልሞላህም ነበር። አሁን ሁለት ዓመት አልፎሃል፤ ይህን ልጽፍልህ የበረታሁት ግን ገና ዛሬ ነው።

ስሙን እዚህ አላነሳውም። ታውቀዋለህ። አንድ ቀን እቤት መጥቶ በልቶ ሲሄድ፣ "ሲበላ ቀና አይልም" አልከኝ። እኔ ቀልድህ መስሎኝ ሳቅኩ።

የቤቱን ልንገርህ። እዚያው አምስተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ዲግሪዬን ይዣለሁ፤ ስደተኛ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ናስር ሲቲ ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩት እትዬ ዘነቡ ያንተን ክፍል ተከራይተውኛል፤ አርብ አርብ እረፍታቸውን እዚህ ያሳልፋሉ። ዕቃህን አልነካካሁትም። መነጽርህን ብቻ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣሁት፣ ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ መያዝ ጀምራለችና።

አዎ፣ ወልጃለሁ። ሴት ናት። ግንባሯ ያንተ ነው፣ ሰፊ።

ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ፣ ያ ሰው ለጋብቻ ያልላካቸውን ሽማግሌዎች ለስም ላካቸው። ሁለት ነበሩ። አንዱ የልብ ወዳጅህ ጋሽ ደምሴ ናቸው። "ማሌሽ፣ ይቅር በይው ልጄ፤ ወንድ ሲደነግጥ ይሸሻል። አሁን ልቡ ተመልሷል፤ ልጅቷ በስሙ ትጠራለት" አሉኝ። እሱ ራሱ የት እንዳለ ጠየቅኩ። አብረዋቸው የመጡት ሰውዬ፣ "ስድስተኛ ኦክቶበር ከተማ፣ የስደተኞች ቢሮ ሄዷል። የስደት ጉዳዩ ሊታይለት ነው፤ ልጅ ካለው ደግሞ ፋይሉ ይጠነክራል" አሉ። ጋሽ ደምሴ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው፤ ግን ኸላስ፣ አንዴ ወጥቷል። ልጄ በሚቀጥለው ክፍል ተኝታ ነበር። ልያት ያለ የለም።

ስሟን መርጬ ጨርሻለሁ አልኳቸው፤ የውብዳር ታከለ ነው። የእማዬ ስም የራሷ፣ ያንተ ስም በአባት ቦታ። ጋሽ ደምሴ ሳቁ። "እንዲህማ ከሆነ ልጅሽ አይደለችም፣ እህትሽ ናት።" እትዬ ዘነቡ ከወጥ ቤት ሆነው፣ "እህትም ሆነች እናት፣ ዳይፐር የምትቀይረው እሷ ናት፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሌላ ማን ሊጠየቅ ነው?" አሉ። ሳቁ ቆመ። ጋሽ ደምሴ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "ታከለ ቢኖር በዚህ ያፍር ነበር" አሉኝ።

ከዚያ በፊት የተባልኩትን ሁሉ ችያለሁ። ይህኛው ግን አልዋጥልኝ አለ።

እማዬ ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የእናቶች ስብሰባ ሲጠራ፣ ከጋራዥ ከነሥራ ልብስህ መጥተህ በእናቶቹ መሃል ትቀመጥ ነበር። መምህሯ ስብሰባው የእናቶች ነው ብትልህ፣ በዚያ በተሰባበረ አረብኛህ "እናቷ እኔ ነኝ" ብለህ ሴቶቹን ሁሉ አሳቅካቸው። ከወንበርህ ግን አልተነሳህም። እናት መባል ያላሳፈረህ ሰው አባት መባል ያሳፍርሃል?

ደግሞም እማዬ እንደ አገራችን ሴት ሁሉ በአባቷ ስም ነበር የምትጠራው። የእሷና ያንተ ስም ጎን ለጎን ተጽፎ አያውቅም። አንተ ግን አንቡባውን፣ ያን ከባድ የጋዝ ሲሊንደር፣ ተሸክመህ ስትወጣ ከሦስተኛው ፎቅ ጀምረህ "የውቤ፣ በር ክፈቺ" እያልክ ትጣራ ነበር። ሕንፃው ሁሉ ስሟን ያውቀው ነበር። አሁን ሁለታችሁም አንዲት ልጅ ላይ ተገናኝታችኋል።

ክርስትና ስትነሳ ካህኑ የአባቷን ስም ጠየቁኝ። ታከለ አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ፤ ደገምኩላቸው፤ ጻፉት። እትዬ ዘነቡ የክርስትና እናቷ ሆኑ። ጋሽ ደምሴ አልመጡም።

ስታድግ ማን እንዳስወለዳት እነግራታለሁ፤ አልዋሻትም። ስሟን ከማን እንዳገኘች ስትጠይቀኝ ደግሞ ስለ እናንተ የማስታውሰውን ሳልሰስት፣ ቁጣህንም ጭምር፣ እነግራታለሁ። እናንተን ሳላነሳ እሷን መጥራት አልችልም።

እኔን ይውቀሱኝ፣ ስለ እኔ የፈለጉትን ያውሩ። ልጄ የማንም ፋይል ማጠንከሪያ እንድትሆን ግን አልቀበልም። ከእንግዲህ ማንም ሰው እቤቴ ተቀምጦ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ በሞተ አባቴ አፍ እንዲናገረኝ አልቀበልም።

ልጅህ፣
ሰናይት ታከለ