ወንድሜን ላሳትም ስል

ጥቅምት 12 ቀን 2001፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ዛሬም መብራት ሄደ። ሰናይት ምዕራፍ ሰባትን እየተየበች ነበር። ሴቭ ያላደረገችው ገጽ በሙሉ ጠፋ። ምስኪን፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል ይቅርታ ትለኛለች። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ጨለማ ናት። በር ላይ ወንበር አውጥተን፣ ባጃጆቹን እያየን ጠበቅን። በመሃል ጠየቀችኝ፤ ልጁ መጨረሻ ላይ ይመጣል ወይ? ልቦለድ መስሏታል። አይመጣም፣ ወንድሜ ነው አልኳት። መብራት ከመጣም በኋላ እጇ እንደ ቀድሞው አልፈጠነም።

ማስታወሻዬ፣ የበፊቶቹ ደብተሮች ያውቃሉ። አንቺ አዲስ ነሽ። ስሙ ደረጀ ነው። በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ፣ ምሳ እየበላን መጥተው ወሰዱት። አልተመለሰም። ይኸው ሠላሳ ዓመት። አስከሬን የለም። ለቅሶ አልተቀመጥንም። አዮ (እናቴን እንዲህ ነው የምንላት) ያልሞተ ልጅ አላለቅስም ብላ እምቢ አለች። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አሁን እዚሁ አምቦ አማርኛ አስተምራለሁ። አላገባሁም። ከአዮ ጋር ነኝ። መጽሐፍ ጽፌያለሁ፣ ስለ እሱ። የሚያሳትምልኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ላሳትመው ነው። ከየት እንደሚጀመር እየጠየቅሁ እየጀመርኩ ነው።

ሰናይት ደግሞ ለምን በኦሮምኛ አልጻፍሽውም አለች። ማልቀስ የማውቀው በኦሮምኛ ነው። መጻፍ የተማርኩት በአማርኛ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ።

ከቸርች መልስ። መ/ር ሙሉጌታ እርማቱን አመጣልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ጎጃሜ፣ ሰዋስው ላይ ምሕረት የለውም። ገጹ ሁሉ ቀይ። አንድ ነገር ተናገረ፣ ከሄደም በኋላ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ወንድምሽ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም አለ። «እየሮጠ»፣ «እየሳቀ»፣ «በሩን ከፍቶ»። ሁሉንም አስሮልኛል። «ሮጠ»። «ሳቀ»። «ከፍቶ ወጣ»። ትክክል ነው። ሳነበው ግን ሁሉም ያበቃ ይመስላል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ አልወደደውም። ሲሞት አየሽው ወይ? አለኝ። አላየሁም። ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ የጭነት መኪና፣ ጫካ፣ ዝናብ፣ ጥይት። መጽሐፍ ማለቅ አለበት ብዬ ገደልኩት። ያን ምዕራፍ ከጻፍኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከኋላዬ ተማሪ ያልሆነ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዞር እላለሁ። ተማሪ ብቻ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ። አ.አ. ደርሼ ተመለስኩ።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ በጠዋቱ ቅጥቅጥ ሄድኩ። ማ/ቤት። (ማተሚያ ቤት ለማለት ነው። አሁን ሳየው ማረሚያ ቤትም ይመስላል። ከእንግዲህ አላሳጥረውም።) ሰውየው ጨዋ ነው። ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ወረቀቱን፣ ጥራዙን፣ ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ ማምጣት እንዳለብኝ፣ ቀሪውን ስረከብ። ብዙዎች አስቀድመው ኩፖን ይሸጣሉ፣ ማስታወቂያ ለጥፊ አለኝ። መጨረሻውን ገለጥ አድርጎ አነበበ። ወይ ይመለስ፣ ወይ ገዳዩ ይታወቅ፤ አንባቢ ጥያቄ ተሸክሞ ቤቱ መግባት አይወድም አለ። ስለ ወንድሜ ነው የሚያወራው። አልተቆጣሁም። ለእሱ ሥራው ነው።

ሽፋኑን የምትሠራው ልጅ የደረጀን ጉርድ ፎቶ አሳድጋ ስክሪን ላይ አወጣችው። ያለን ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እድፍ መስሏት አጠፋቻት። መልሺያት አልኳት። መለሰቻት። ያን ያህል ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ የት እንደሚያይ አይታወቅም። እኔን ግን አይደለም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ።

ማስታወቂያውን በፎቶው አሠራሁ። «በቅርብ ቀን» ይላል፣ ከላይ የመጽሐፉ ስም፣ ከታች የእሱ ስምና የእኔ። ሰናይት በር ላይ አንድ። ጉደር ካምፓስ በር ላይ ሁለት። ጊንጪ አውቶቡስ የሚቆምበት ሻይ ቤት አንድ። ዛሬ ከጉደር ስመለስ በመኪናው መስኮት አየሁት፣ ግድግዳ ላይ። ሠላሳ ዓመት የትም ያልታየ ፊት። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አፋልጉኝ መስሏቸዋል። መቼ ጠፋ? አሉኝ።

ማስታወሻዬ፣ እያስተዋወቅሁት ነው ወይስ እየፈለግሁት?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከቀኑ 12 ሰዓት።

ከሥራ ስገባ አዮ ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ያለ ምርኩዝ። ዓይኗ ሞራ ከለበሰው ቆይቷል። ደረጀ መጥቶ ነበር አለችኝ። እንደ ተራ ወሬ። በሩ ላይ ቆመ፣ ማነው አልኩት፣ ደረጀ ነኝ አለ፣ ግባ ስለው ሄደ። አዮ፣ ሕልም ነው አልኳት። ተቆጣች። ቀን በሰባት ሰዓት ምን ሕልም አለ? ባለፈው ቅዳሜም መጥቷል፣ አታምኚኝም ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አለች።

ከዚያ ያለችው ነው ያስፈራኝ። «ድምፁ አርጅቷል።»

በእኔ መጽሐፍ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የሞተ ሰው አያረጅም። ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ማንንም አላዩም። ገብቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ አውጥቼ አየሁት፤ የገደልኩበትን ገጽ። ጠርቼው ይሆን? ጸለይኩ። ቃሉ አልመጣልኝም። ሁሉም መብራት በርቶ ይደር ብያለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ።

በሥርዓት ልጽፈው እሞክራለሁ።

ገበያ ነው፣ መንገዱ ሰው በሰው። ከሰናይት ጋር የመጨረሻውን እርማት ጨርሰን ስወጣ አንድ ሰው ማስታወቂያው ፊት ቆሟል። ኮት የለበሰ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ የያዘ። እህቱ ነሽ? አለኝ። ነኝ አልኩት። ጊንጪ እህል እነግዳለሁ አለኝ። ፎቶውን ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ አይቶ፣ ሻዩን ሳይጠጣ ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ አምቦ ሲመላለስ ሰንብቷል። ቤታችንን ጠይቆ አግኝቷል። ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ እናትየው «ማነው» ሲሉት ስሙን ተናግሮ፣ ድምፃቸው ሲለወጥ ሲሰማ ሸሽቷል።

ስሙ ደረጀ ነው። አቶ እንደማለት፣ ኦቦ ደረጀ። ከወንድሜ ጋር ታስሮ ነበር።

ሰናይት ወንበር አቀረበች። ተቀምጦ፣ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ደረጀዎች ነበሩ፣ እኩያሞች። ስም መጥራት የተለመደ ነው፣ የተጠራ አይመለስም። አንድ ማታ ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ደረጀ» አለ። የአባት ስም አልጨመረም። ደገመ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ዝም አልኩ» አለኝ ኦቦ ደረጀ። «ወንድምሽ አየኝ። ከዚያ ተነሳ።»

ሌላ ጠሪ አልመጣም። ኦቦ ደረጀ ከወራት በኋላ ተፈታ። አገባ፣ ልጆች ወለደ። እስከ ዛሬ ሚስቱ «አባ ቶሌራ» ነው የምትለው፣ በልጁ ስም። የራሱን ስም ቤት ውስጥ እንዲጠሩት አይፈቅድም።

ከሁለታችሁ የተጠራው ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ራሱ የተጠራ መስሎት ነው ወይስ አንተ መሆንህን እያወቀ የተነሳው? አልኩት።

«ያን ባውቅ ኖሮ እተኛ ነበር።»

ኅዳር 7፣ እሑድ።

ለአዮ እኔ ልንገራት ብዬ ነበር። ኦቦ ደረጀ እምቢ አለ፣ ራሴ ነኝ የምነግራቸው አለ። ከቸርች በኋላ መጣ። እስከ በሩ፣ ከዚያ እግሩ እምቢ አለው። ክንዱን ይዤ አስገባሁት። ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ። ያን ብርሃን ማየት ነው የከበደኝ። በኦሮምኛ ነገራት፣ ምንም ሳያስቀር። ብርሃኑ ቀስ እያለ ሄደ። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ብርድ ነበር ወይ? አለችው። ነበር አላት። ምን ለብሶ ነበር? ሹራብ። ግራጫ? አዎ፣ ግራጫ። እኔ ነኝ የሠራሁለት አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገ ጥቁር ልብስ ገዝተሽ አምጪልኝ።»

ኅዳር 11፣ ሐሙስ።

ማተሚያ ቤቱ ደወለ። ወረፋው ደርሷል፣ ፋይሉን ላኪ። መጨረሻውን እየቀየርኩ ነው አልኩት። ምን ተገኘ አለኝ፣ ነገርኩት። ተደሰተ! እውነተኛ ታሪክ ብለን ሽፋኑ ላይ እንጻፍ አለ።

መ/ር ሙሉጌታ ደግሞ እንባ ባይኑ ሞልቶ ሰማኝ። ከዚያ መምህርነቱ መጣ። እያወቀ እንደተነሳ አድርጊው አለኝ፤ ለጓደኛው ሲል፣ ሕይወቱን ሰጥቶ፤ እኔም ብሆን የማምነው እንዲያ ነው አለ። ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ደረጀ ወደ ባልንጀራው ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ «አንተ ኑር» ይላል። አማረ። አለቀስኩበት። ሳነበው ግን ወንድሜ አልነበረም። ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ ከቤት የሚሸሽ ልጅ ነበር። ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ግራ ገብቶት ሊሆን ይችላል። ዝምታውን መቻል አቅቶት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀደድኩት። የድሮውን፣ የጫካውን ምዕራፍ ግን አልቀደድኩም። የኦቦ ደረጀን ነገር ጽፌ ከፊቱ አስገባሁት። እጄ አልደፍር አለ። ያለ ጫካው መቃብር የለውም።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ማታ 1 ሰዓት፣ ሰው ሳይበተን።

ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳን ተተከለ። ፓስተሩ አስከሬን የሌለበት ለቅሶ አስተናግደው አያውቁም፤ አጭር ጸሎት አደረጉ፣ ከዚያ ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸው ጥሩ ነበር። የክፍል ጓደኞቹ መጡ። ጡረታ የወጡ አሉ። አንዱ ከዘራ ይዟል። እኔ ውስጥ ደረጀ ገና ዩኒፎርም ለብሷል፣ ጓደኞቹ አያቶች ሆነዋል።

አዮ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ጩኸት አይደለም። ዝቅ ያለ፣ እንደ ዘፈን፣ ከመወለዱ ጀምሮ። ጥርስ ያወጣበትን ሳይቀር።

ኦቦ ደረጀ ከጊንጪ ሰዎች ጋር መጣ፣ ጥግ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ ተቀመጠ። አዮ መምጣቱን በምን እንዳወቀች እንጃ። ለቅሶዋን ገታች። «ደረጀ» ብላ ጠራች። ድንኳኑ ጸጥ አለ። የትኛውን ነው የምትጠራው? እሱ ጭንቅላቱን እንዳቀረቀረ ነው። ደገመች።

«አቤት» አለ።

«ኮቱ፣ ታኢ» አለችው። ና፣ ተቀመጥ። ጎኗ፣ የቤቱ ወንድ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። እየተንገዳገደ መጣ። ተቀመጠ። እስካሁንም እዚያው ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ድንኳኑ ተነስቷል። ቤቱ ባዶ፣ ግቢው ሣሩ ተረግጦ ተኝቷል። ከኋላዬ የሚቆመው ሰው በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሰማኝ። ዞር አላልኩም። ይቁም።

ማተሚያ ቤቱ ነገ ካልመጣሽ ወረፋውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። ፋይሉን ከሰናይት ተቀብያለሁ። ግን አዮ ሳትሰማው አላትምም ብዬ ወሰንኩ፤ የእሷ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎኗ ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩላት፣ ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ። አማርኛው ላይ ያሸበረቅሁት ቃል ሁሉ በእሷ ቋንቋ ሲሆን እየረገፈ፣ አጥንቱ ብቻ እየቀረ። ክፍሉ። ጠባቂው። ስሙ። ዝምታው። አየው። ተነሳ።

ወደ ጫካው ልገባ ገጽ ስገልጥ እጇን ጭኔ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ምን አለ? አለችኝ። መኪና፣ አልኳት። ዝናብ። ሌላውንም። አይተሽዋል? አላየሁም አልኳት። አልተቆጣችም። እንዲያውም እንደ ትንሽ ልጅ አናቴን ዳሰሰችኝ።

«እሱን አውጪው» አለች። «የተነሳበት ላይ ይብቃ። ከዚያ ወዲያ አታስሂጂው።»

ማውጣት ቀላል ሆነ። ገጾቹን አጣጥፌ ሰጠኋት፣ ምን እንደምታደርጋቸው አልጠየቅሁም። ሰውየው ያጉረመርማል፣ አውቃለሁ። አንባቢም መጨረሻው የት ሄደ ይላል። ይበል። ለኦቦ ደረጀ ደውዬ ነገርኩት። መቼ ነው የሚታተመው አለኝ ብቻ። ነገ ነው የምሄደው፣ በመጀመሪያው መኪና። ጊንጪ ላይ ጠብቆኝ አብሮኝ ይሄዳል። አዮም ልሂድ ብላለች፣ አውቶቡስ ከተሳፈረች ስንት ዘመኗ ነው፣ ይኸው ከአሁኑ ጫማዬን ፈልጊልኝ እያለች