ልጅህን ንብ የነደፋት ዕለት

እንድሬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና የሆንበትን ነገር ላንተ ሳልነግር ግን ሆዴ አልችል አለ።

ሓድነት ሰፈር ያለው የማር ሱቃችን እንዳለ ነው። መደርደሪያውን አረንጓዴ ቀባሁት፤ ብትኖር ትከራከረኝ ነበር። ልጃችን ሰዓዳ በቁመት በልጣኛለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ታግዘኛለች፤ ደንበኛ ማስቀመሱን ካንተ ወርሳለች፣ ራስዋ እየቀመሰች መጨረሱንም እንዲሁ።

ባለፈው ሳምንት ከገጠር ከነሰፈፉ የመጣ ማር ስንገለብጥ፣ ውስጡ የቀረች አንዲት ንብ ሰዓዳን አንገቷ ላይ ነደፈቻት። ወዲያው ፊቷ አበጠ፣ ገላዋን ሽፍታ ወረሰው፣ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ጀመር። ያንን ድምፅ የሰማሁት ካንተ ነው።

ያኔ ንብ የነደፈችህ ዕለት፣ አንተን ማን ያስተኛህ! ተጋድሞ ከቤቱ የሚወጣ ሬሳ ብቻ ነው ብለህ አሻፈረኝ አልክ። እኔም ሟርት እንዳይሆንብህ ፈርቼ፣ ግራና ቀኝ ደግፈን እስከ አስፋልቱ አስኬድንህ። ባጃጅ ሳይመጣልን ወደቅክ፤ በዚያው ቀረህ። ኋላ አንዲት ነርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እንዲህ የሆነ ሰው ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ልቡ የሚረጨው ያጣል፤ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ።

ሰዓዳ የአባቷ ልጅ አይደለች፣ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ተነሳች። ይዤ አስተኛኋት፤ እግሯንም የማር ቆርቆሮ ላይ ሰቀልኩት። ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ልጅቷን እንደ ሬሳ አታስወጪያት ብለው አለቀሱ። አከብራቸዋለሁ፣ ያን ዕለት ግን አልሰማኋቸውም። አራት ሰዎች በጋቢ ተሸክመው አወጡልኝ፤ ባጃጁ ውስጥም እንደተጋደመች ሄድን።

የሰፈሩ ክሊኒክ ካርድ እንኳን ሳያስወጡን፣ ጭኗ ላይ አድሬናሊን የሚሉትን መርፌ ወጓት፤ ኦክስጅንም አደረጉላት። ትንፋሿ መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማሩን ማን ከደነው ብላ ነው። ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ሕመሙ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል ብለው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ላኩን፤ እዚያም እስከ ማግስቱ ሲከታተሏት ቆዩ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነችልን። አሁን ንብ ያለበት ማር አጠገብ አላስደርሳትም፤ አኩርፋኛለች፣ ታኩርፍ።

ስንመለስ ባጃጁን አስፋልቱ ላይ አስቆምኩት፣ አንተ የወደቅክበት ቦታ። ከዚያ ጀምራ እስከ ደጃችን በእግሯ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

እስከ ዛሬ ሳስታውስህ ወድቀህ ነበር የማይህ። ከእንግዲህ ቆመህ አስታውስሃለሁ፣ እንድሬ። ቃሌ ነው።

ሚስትህ ፋጡማ