የይመኙሻል የእግር ጉዞ

ጥቅምት 3 ቀን 2004፣ ዲላ

ሚስቴ ይመኙሻል ዋሸችኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር የመጀመሪያዋ ነው... ወይስ የያዝኩት የመጀመሪያው?

ኪኒን እየዋጠችም ስኳሯ አልወርድ ብሏል። ክብደት ካልቀነሰች ከታኅሣሥ ጀምሮ መርፌ ነው ተብላለች። መጽሐፍ ገልጬ ደንብ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ በጪጩ መንገድ አንድ ሰዓት በእግር። ዛሬ ጎረቤታችን ገብረኪዳን ሱቄ ገብቶ እየሳቀ ነገረኝ። በባጃጅ ሄዳ በባጃጅ ትመለሳለች። መታጠፊያው ጋ ወርዳ ፊቷን ውኃ ትረጫለች።

«የባለቤትህ ላብ ከሃይላንድ ነው የሚቀዳው» አለኝ።

ጥቅምት 4

ጠየቅኳት። አልካደችም። መናኸሪያው ጋ ያሉት ጫኞች ስታልፍ «ሞልቷል፣ ሳበው!» እያሉ ስለሚስቁባት ነው ባጃጅ የምትይዘው።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን አብረኸኝ ሄደሃል?»

ሱቁን ማን ይጠብቅ? ደግሞ ሰው ቢስቅ ምን አለበት? መርፌውን ሰው አይወጋላትም።

ጥቅምት 19

በምግቡ ግን አላጭበረበረችም። እያየሁ ነው የምትበላው። እንጀራ ከከለከልኳት ወር አለፈ። በምትኩ ቆጮ፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ እስክትጠግብ። መጽሐፉ አትክልት እንደ ልብ ይበላ ይላል፤ እንሰት አትክልት ነው። ቀሚሴ ጠበበኝ ትላለች። ባጃጁ ነዋ።

ኅዳር 6

ጤና ጣቢያ ሄድን። ስኳሯ ጨምሯል። ለነርሷ ለሒባ የባጃጁን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት። ይመኙሻል አንገቷን ደፋች። ሒባ ሰምታ ስትጨርስ ምን እንደምትበላ ጠየቀች። ቆጮ አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

«በቀን ስንቴ፣ አባባ?»

«ሦስቴ። አትክልት አይደል?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቆጮም እንደ እንጀራው ሆድ ገብቶ ስኳር ይሆናል፣ ልክ አለው አለች። ይመኙሻል ቀና አላለችም።

«ብዪ አለኝ፣ በላሁ።»

አንድ ወር ተሰጠን።

ኅዳር 7

መጽሐፉን ደግሜ አየሁት። ስለ ቆጮ አንድ ቃል የለበትም። ከየት አመጣሁት?

ኅዳር 9

ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። መናኸሪያው ጋ «ሞልቷል» ብለው ጀመሩ። ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ወደ ጭነታቸው ዞሩ። ጉልበቴ... ዳገቱ ላይ ቀደመችኝ። «ኧረ ፈጠን በል» ትለኛለች ደግሞ።

ታኅሣሥ 8

ስኳሯ ወርዷል። አምስት ኪሎ ቀንሳለች። መርፌው ቀረ። ሒባ ይመኙሻልን ጎበዝ አለቻት። እኔን ምንም።

ገብረኪዳን የባጃጁን ቀልድ ሱቄ በር ላይ ሊደግም ሲል ውጣ አልኩት። ስለ ባጃጁ ከእንግዲህ ለእሷም፣ ለሰውም፣ ለዚህ ደብተርም አንዲት ቃል አልናገርም።

ስለ ቆጮውም።